ሹፌር የሌለው ታክሲ የማንን መኪና ያስሸጣል?

በ2016 እንደ ኡበር በስልክ መኪና ከሚጠራበት የአሜሪካው ኩባንያ ከሊፍት መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ዚመር አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እዚህ አሜሪካ ስኖር የለመደብኝ እሱ ነው።) በአምስት ዓመት ውስጥ አብዛኛው የሊፍት ጉዞ ሹፌር በሌለው መኪና ይሆናል አለ። በ2025 ደግሞ በትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች የራስ መኪና መያዝ የሚባለው ነገር ያበቃለታል። ሦስት ዓመት ቆይቶ የመኪና አምራቹ የቴስላ አለቃ ኢሎን መስክ ተነሣና በሚቀጥለው ዓመት ከሚሊዮን በላይ ሮቦታክሲ፣ ማለትም ሹፌር የሌለው ታክሲ፣ መንገድ ላይ ይኖረናል ብሎ አረፈው።

2025 መጣ፣ ሄደም። እኔ ያለሁበት የቨርጂኒያ አፓርታማ ፓርኪንግ ግን አሁንም ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጢም ብሎ ሞልቷል። አምሽቶ የሚገባ ሰው ግቢውን ሲዞር፣ አንዱ ወጥቶለት ቦታ እስኪያገኝ ሲጠብቅ በመስኮት አየዋለሁ። ማንም መኪናውን አልሸጠም።

በሰዎቹ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ግን ነገሩ ራሱ መጥቷል፣ ያንን መካድ አይቻልም። ከጉግል ቤት በ2009 የተጀመረው፣ በኋላ ዋይሞ የተባለው ኩባንያ አሪዞና ውስጥ ባለችው ፊኒክስ ላይ ከ2020 ጀምሮ መሪው ኋላ ማንም ሳይቀመጥ ተራውን ሕዝብ ይጭናል። ሳን ፍራንሲስኮ በጁን 2024፣ ሎስ አንጀለስ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ለሁሉም ተከፈቱ። ኦስቲንና አትላንታ በ2025 ተከተሉ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ በሳምንት 250,000 ሰው የከፈለባቸው ጉዞዎች ላይ ደርሰናል አሉ። ይሄ ሙከራ አይደለም፣ ሥራ ነው።

ሁሉም አልሆነለትም እርግጥ። ጄኔራል ሞተርስ ክሩዝ የሚባለው ኩባንያው ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሶ በዲሴምበር 2024 ተወው። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰው የሚነዳው መኪና አንዲት እግረኛ ገጭቶ ክሩዙ ፊት ጣላት፣ ክሩዙም ገጭቷት ቆመ፣ ከዚያ ዳር ልያዝ ብሎ ከሥሩ እንዳለች ጎተታት። ካሊፎርኒያ ፈቃዱን አገደች። ቴስላ ደግሞ በጁን 2025 ኦስቲን ላይ ሲጀምር ከጎን ወንበር ላይ የኩባንያውን ሰው አስቀምጦ ነው።

ስለ አደጋ ለመከራከር አይደለም የተነሣሁት። ዋይሞና ስዊስ ሪ የሚባለው ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ 25 ሚሊዮን ማይል ያህል አይተው፣ በሰው አካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርበው የካሳ ጥያቄ ሰው ከሚነዳው በ92 በመቶ ያንሳል ብለዋል። ኩባንያው ራሱ እጁ ያለበት ጥናት መሆኑን አልረሳሁም። ግን ቁጥሩ በግማሽ እንኳ ልክ ቢሆን፣ ስልኩን እያየ ሃይዌይ ላይ ከጎኔ ከሚነዳው ሰውዬ ማሽኑን እመርጣለሁ።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጥሩ ነዳ፣ እሺ። ታዲያ ሰው መኪናውን ይሸጣል ወይ?

መልሱን ለማየት ፊኒክስ ጥሩ ቦታ ናት፣ ከሁሉም በፊት ስለጀመረች። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ አክስቴም ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ይዣት ወጣሁ። የጠራኋት የዋይሞ መኪና፣ ነጯ ጃጓር መጣች። ጣራዋ ላይ ያለችው ጉልላት የስሜን የመጀመሪያ ፊደሎች እያበራች። በስልኬ ከፈትኳት፣ ከኋላ ገባን፣ ቀበቶ እሰሩ አለችን፣ ስክሪኑ ላይ ጀምር የሚለውን ነካሁ።

«ሹፌሩ አይመጣም እንዴ?» አለች አክስቴ።

«የለውም እኮ።»

«የለውም ማለት?»

ይሄኔ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። መሪው ለብቻው ወደ ግራ ዞረ። አክስቴ በስመ አብ ብላ አማተበችና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ «በል እንግዲህ እመቤቴ ትንዳው» አለች። ሁለት መብራት ካለፍን በኋላ እጄን ለቀቀችኝ። ሦስተኛው ላይ አንድ ፒክ አፕ ድንገት ሲገባብን ጃጓሯ ቀስ ብላ ስታሳልፈው «ጨዋ ነው» ብላ አመሰገነችው። ስንወርድ ደግሞ ጉርሻ ልስጥ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ለማን እንደምትሰጠው ስትፈልግ ነው የሳቅነው።

እንግዲህ ይህን ታክሲ ስልኳ ላይ ያላት እህቴ ስንት መኪና አላት? ሁለት። እንደ ድሮው። ታክሲውን መቼ ነው የምትጠቀመው ስላት፣ ከባሏ ጋር ማታ እራት ሲወጡና አንዳንዴ ኤርፖርት ስትሄድ አለችኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትንሹን ልጅ ዴይኬር አድርሳ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ስትበር ግን የራሷ መኪና ናት። ለምን? የልጁ መቀመጫ፣ ካርሲቱ። ታስሮ፣ ተጠብቆ፣ ልጁ ብስኩት እላዩ ላይ አድቅቆበት እዚያው የሚያድር ወንበር ነው። በታክሲ ብትሄድ እሱን ፈትታ፣ አስራ፣ ልጁን አውርዳ፣ መልሳ ፈትታ፣ ከዚያ ካርሲት በብብቷ ይዛ ሆስፒታል ልትገባ ነው።

ትራንኩን ደግሞ ክፈቱት። የሕፃን ጋሪ፣ የታላቅየው የኳስ ጫማ፣ ሁለት ካርቶን ውሃ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነጠላ በፌስታል፣ ካለፈው ማኅበር የቀረ ባዶ ድስት ከነክዳኑ፣ እና ለአንድ ሰው አደርሳለሁ ብላ ወር ያስቀመጠችው በርበሬ። መኪና ማጓጓዣ ብቻ ነው የሚሉት ሰዎች የአበሻ እናት ትራንክ አይተው አያውቁም። የቤት አንድ ክፍል ነው፣ ጎማ ያለው ጓዳ በሉት።

ብዙ ሰው ግን የሚከራከረው በብር ነው፣ ስለዚህ እናስላው። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር በ2024 ባወጣው ስሌት አዲስ መኪና ገዝቶ በዓመት 15,000 ማይል የሚነዳ ሰው ሁሉም ነገር ተደምሮ በዓመት 12,297 ዶላር ይወጣበታል። የወር ወደ 1,025 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ወጪ ደግሞ ቤንዚን አይደለም፣ መኪናው ቆሞም ሆነ ሄዶ ዋጋው መውረዱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ በ2025 ዋጋ ሲወዳደር የዋይሞ ጉዞ በአማካይ 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኡበርና ሊፍት 15 ዶላር አካባቢ። ሹፌር የሌለው ሹፌር ካለው ተወዶ ነበር ማለት ነው፣ ይገርማል። እንግዲህ በወር 22 የሥራ ቀን፣ ደርሶ መልስ፣ በ20 ዶላር፦ 880 ዶላር።

አንዱ ጓደኛዬ ይቺን ስሌት ሳሳየው «ይኸው፣ ተቀራረበ እኮ» አለ። ተቀራርቧል፣ አዎ። ግን 880ው ሥራ ደርሶ መመለስ ብቻ ነው፣ ያውም ከተማ ውስጥ፣ አጭር መንገድ። ገበያው የለበትም፣ ልጆቹ የሉበትም፣ እሑድ የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም። ከቨርጂኒያዋ ዉድብሪጅ ተነሥቶ ዲሲ የሚገባ ሰው ደግሞ በ20 ዶላር የትም አይደርስም። የአውራ ጎዳናው ነገርም አለ፤ ዋይሞ ተራውን ተሳፋሪ በሃይዌይ መውሰድ የጀመረው በኖቬምበር 2025 ነው፣ ያውም በጥቂት ከተሞች።

ከሁሉ በላይ ግን የትሪፕል ኤ ሰውዬ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ያለው ሰው የሚነዳው ዕዳዋ ድሮ ያለቀ፣ ሁለት መቶ ሺህ ማይል ልትገባ የደረሰች ኮሮላ ነው። ዋጋዋ ከዚህ በላይ አይወርድም፣ ወርዶ አልቋል። ኢንሹራንሷ ትንሹ ዓይነት ነው። ስትበላሽ ጋራዥ ያለው የአገር ልጅ አለ፣ ጉዳዩ በስልክ ያልቃል። ከዚች መኪና ጋር በዋጋ የሚወዳደር ሮቦት ገና አልተወለደም።

የሮቦታክሲ ወዳጆች የሚወዱት ሌላ ቁጥር አለ። መኪና 95 በመቶ ዕድሜውን ቆሞ ነው የሚያሳልፈው ይላሉ። ስለ ፓርኪንግ ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት የሎስ አንጀለሱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕም ይህን ደጋግመው ያነሡት ነበር። ታዲያ የቆመውን ብንጋራው አንዷ መኪና ለአሥር ሰው ትበቃለች ነው ነገሩ። ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ሁላችንም የምንቆመው አብረን ነው፣ የምንሄደውም አብረን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኔም የጎረቤቴም መኪና ቆማለች፣ ማን ይጋራት? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የሁሉም ሰው ልብ ቢሮ ላይ ነው፣ አቅጣጫውም አንድ ነው። ለዚያች ሰዓት የሚበቃ ታክሲ ገዝቶ ቀሪውን ቀን የሚያቆም ኩባንያ ካለ፣ እሱም እንደኛ መኪና እያቆመ ነው ማለት ነው፣ ሒሳቡን ደግሞ ከኛ ነው የሚቀበለው።

በ2015 ኢንተርናሽናል ትራንስፖርት ፎረም የሚባለው የአገሮች የትራንስፖርት ድርጅት የፖርቱጋሏን ዋና ከተማ ሊዝበንን በኮምፒውተር ሠርቶ አይቶት ነበር። ሰው ሁሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጋርቶ ከተሳፈረና ሜትሮው፣ የከተማው ባቡር፣ እንዳለ ከቀጠለ ከአሥሩ መኪና ዘጠኙ ሊጠፋ ይችላል አለ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ይጠቅሳታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ያልፉታል፦ ሰው አልጋራም ካለና ሜትሮውም ከሌለ መኪኖቹ ቁጥራቸው ቢቀንስም የሚነዱት ርቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል። መኪናው ይቀንሳል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ከማያውቁት ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ መሄድ ደግሞ እኛ በውይይት ታክሲ ያደግንበት ነው፣ ፈረንጁ ግን ይህንን ለመሸሽ ነው መኪና የገዛው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እኔን ያሳመነኝ አንድ ትንሽ ሙከራ ነው። ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ሮቦቱ እስኪመጣ ምን አስጠበቀን ብለው፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ላሉ 13 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በነፃ ሹፌር ቀጠሩላቸው። ሹፌሩ የሮቦቱን ቦታ ያዘ ማለት ነው። ውጤቱ በ2018 ወጣ፦ መኪኖቹ የተነዱት ርቀት በ83 በመቶ ጨመረ። ሰዎቹ ሹፌሩን ባዶ መኪና አስይዘው ዕቃ አምጣ፣ ልጁን አድርስ፣ እገሌን ተቀበል እያሉ ሲልኩት ዋሉ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም። ሹፌር የቀጠረ ጎረቤት ነበረን። መኪናዋ ጠዋት ባለቤቱን ቢሮ አድርሳ ትመለሳለች፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ትወስዳለች፣ ከዚያ እትዬን ይዛ መርካቶ ወርዳ ሽንኩርት ተጭና ትመጣለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ ቢሮ ትሄዳለች፣ ከሰዓት ደግሞ ቡና ለመጠጣት የተጠራችውን እንግዳ ከሳሪስ ታመጣለች፣ ማታ መልሳ ታደርሳለች። ማታ ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ድመት አይተኛባትም ነበር። ጋሼ ሹፌር ስለቀጠሩ መኪናቸውን ከጎረቤት ጋር አልተጋሩም። ጭራሽ መኪና መያዝ ጣመላቸው።

ስለዚህ ራሱን የሚነዳው ነገር ሲረክስ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሰው የሚገዛት መኪና ውስጥም ይገባል። ያኔ መንዳት የሰለቸው ሰው መኪናውን መሸጥ ሳይሆን ሹፌር ያላት መኪና መግዛት ነው የሚያምረው።

አዲስ አበባ ካልን አይቀር። እዚያ ጉዳዩ ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ የታክሲ ጉዞ የሚያስወድደው ሹፌሩ ነው፣ ስለዚህ ሹፌሩን የሚያስወጣ ቴክኖሎጂ ገንዘብ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ውዱ መኪናው ነው፤ በቀረጡም፣ በምንዛሬውም። ሹፌሩን አስወጥተህ በሱ ቦታ በውድ ካሜራና ሌዘር የተሞላ መኪና ብታስገባ ያተረፍከው ነገር የለም። ደግሞም ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ሰልፍ ይዞ የቆመ ሰው የጎደለው ሹፌር ሳይሆን ወንበር ነው። አራት ሰው የምትጭን ሮቦት ለዚያ ሰልፍ ምን ታደርግለታለች? አውቶቡስ ነው የሚያስፈልገው፣ ብዙ አውቶቡስ። መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከልክሎ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቢሞላም ያ ሰልፍ እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ። ዋይሞ በማርች 2025 ዋሽንግተን ዲሲን በ2026 እጀምራለሁ ብሎ አስታወቀ። ሕጉ ካልተስተካከለ መሪው ኋላ ሰው ሳያስቀምጥ እንደማይችል ያኔም ይታወቅ ነበር። እኛ ሰፈር ግን ወሬው ወዲያው ነው የደረሰው፣ ምክንያቱም ዲሲ አካባቢ ታክሲ ማለት አበሻ ማለት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁትን ሂዱና እዩዋቸው፣ ቴርሞስ ቡና ይዘው በአማርኛ ስለ አገር ፖለቲካ ሲከራከሩ ታገኟቸዋላችሁ።

አንድ ጋሼ የምንላቸው የቆዩ የታክሲ ሰው አሉ። ዲሲ ታክሲ ሒሳቡን በዞን በሚያስከፍልበት ጊዜ የጀመሩ። በ2008 ሒሳቡን የሚቆጥረው ሜትር ገባ፣ ለመዱት። በ2011 መጨረሻ ኡበር መጣ፣ ገበያው ወደቀ፣ እሳቸው ተርፈው ቀሩ። ስለ ሮቦቱ ምን ያስባሉ ብዬ ስጠይቃቸው «ዞኑን አሳለፍኩ፣ ሜትሩን አሳለፍኩ፣ ኡበርንም ቢሆን ተለማመጥኩት» አሉ። «ይሄኛው ግን አይደክመው፣ አይራበው፣ ልጅ የለው። ከሱ ጋር ምን ብዬ ልደራደር?»

«መኪናዎን ይሸጣሉ ታዲያ?» አልኳቸው።

«እሷን ካልሸጥኩ ምን አደርጋታለሁ? ለዚሁ ብዬ ነው የገዛኋት።»

ቤቴ እስክደርስ ይሄን ሳስበው ነበር። ኡበርና ሊፍት የሚሠራ አበሻ ካምሪውን ወይም ሲየናውን በብድር የሚገዛው የሥራ መኪና ነው ብሎ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን የሚሸፍነው ተሳፋሪው ነው። ቅዳሜና እሑድ ያቺው መኪና የቤተሰብ መኪና ትሆናለች፣ ልጆች ጭና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ተሳፋሪውን ሮቦቱ ከወሰደው ክፍያውን ማን ይከፍላል? ቱጃሩ ተሳፋሪ ጋራዡ ውስጥ ያለችውን አይሸጥም። ሮቦታክሲ መጀመሪያ መኪና የሚያስሸጠው ሹፌሩን ነው። ዚመር በጽሑፉ ይሄንን አላሰበውም መሰለኝ፣ ወይም አስቦት ዘሎታል።

ይህን ስል አይመጣም፣ ወይም ይከልከል ማለቴ አይደለም። ማየት የተሳናቸው፣ በዕድሜ ምክንያት መንጃ ፈቃዳቸውን የመለሱ ሰዎች ይህን ታክሲ እንደ ሰማይ መና ነው የሚያዩት፣ ልክም ናቸው። የአክስቴ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶች ቤት ታስረው ከመዋል ቢገላገሉ ደስ ይለኛል። በሌላ በኩል ግን ኩባንያ ላይ መንጠልጠል የራሱ ጣጣ አለው። ዲሴምበር 20፣ 2025 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የትራፊክ መብራቶቹም አብረው ጠፉ፣ ዋይሞዎቹም በየመስቀለኛው ግራ ገብቷቸው ቆሙ፣ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ኮሮላ ያለው ሰው እየተንፏቀቀም ቢሆን ቤቱ ገብቷል።

የኔ ግምት ይቺ ናት፦ የቤቱ አንደኛ መኪና የትም አይሄድም። አደጋ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ናት። ከቤት የሚሠራ ሰው ያላት፣ በሳምንት ሁለቴ የምትነሣ፣ ግን በየወሩ ኢንሹራንስ የምትበላ። ለእሷ በወር አሥር ጊዜ በ20 ዶላር ታክሲ መጥራት 200 ዶላር ነው፣ ያዋጣል። ከተማ መሐል ከሆናችሁማ የፓርኪንጉም ገንዘብ ይተርፋችኋል።

እኛ ቤትም ሁለት አሉ። ይህንኑ ስሌት ለባለቤቴ አሳየኋት፣ ታክሲው ሲጀምር ሁለተኛዋን እንሽጣት አልኳት። ወረቀቱን አየችው፣ በጣም ልክ ነው አለች። «ያንተዋ ናት እኮ ሁለተኛዋ።»

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አላነሣሁትም።